ሁለት ጊዜ የሚጠራው ስም

ሰው የመፈለግ አመል አለብኝ። የጠፋ ሰው ማለቴ አይደለም። መንገድ ላይ ያየሁትንም፣ ስሙን በወሬ የሰማሁትንም፣ ጭራሽ የማይመለከተኝንም ሁሉ ስልኬን አውጥቼ እፈልገዋለሁ። የምሠራው ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ፋርማሲ ነው። ከሰዓት በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ባንኮኒው ላይ ክርኔን አስደግፌ የስንቱ ሰው ጓዳ እንደምገባ እኔና ስልኬ ነን የምናውቀው። አብራኝ የተማረችው ልጅ ማንን እንዳገባች፣ የድሮው የሒሳብ አስተማሪያችን ፀጉሩን እንዳጠቆረ፣ ሰፈር የቀየረችው ጎረቤቴ አዲሱ ሳሎኗ ውስጥ ምን ዓይነት መጋረጃ እንደሰቀለች አውቃለሁ። ባለቤቴ «የቤታችን ደኅንነት» ይለኛል። ይበለኝ። እሱም ቢሆን መሥሪያ ቤቱ አዲስ አለቃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እኔን ነው።

ደግሞም አመሉ የእኔ ብቻ አይደለም። ድሮ በከተማችን ስለ ሰው ለማወቅ ማኅበር መጠጣት፣ ለቅሶ መድረስ፣ ቢያንስ ቢያንስ የቦኖ ውኃ ወረፋ መቆም ያስፈልግ ነበር። አሁን ሠርግ የምንሄደው ሙሽራዋን ከነቀለበቷ አይተን ከጨረስን በኋላ ነው። ከሩቅ አገር ዘመድ ሲመጣም የምንጠይቀው ይጠፋናል። «ቤት ሠራን» ሲለን «አየሁት እኮ»፣ «ልጄ ተመረቀች» ሲለን «እሱንም አይቻለሁ» እንለዋለን፤ ከዚያ እንግዳውም እኛም ዝም ብለን እንተያያለን። አንዳንዶች በዚህ ነገር ያማርራሉ። እኔ አላማርርም። ያወቅሁትን እንዳላወቅሁ ሆኜ፣ ፊቴን በመገረም ሞልቼ መስማት ተምሬያለሁ፤ እንግዳዬም ደስ ብሎት ይሄዳል።

አባቴ ቁይ አጠገብ ባለች የገጠር ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ወደ ከተማ ይምጡ ብንላቸውም እሺ አይሉም። ባለፈው ዓመት ግን የዓይናቸው ሞራ ስለበረታ ሊገፈፍላቸው እኛ ዘንድ መጡ። ከእኛ ጋር ጥቂት ሳምንታት ሰነበቱ፤ የተኙትም ከወጥ ቤቱ በስስ ግድግዳ በተለየችው ክፍል ነው። ስለዚህ ጧት ጧት ቁርስ ስሠራ ጸሎታቸውን እሰማለሁ።

ዳዊቱን በቃላቸው ካደረሱ በኋላ ስም መጥራት ይጀምራሉ። መጀመሪያ የሕያዋን ነው፤ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸው፣ ሰሞኑን ደግሞ የዓይን ሐኪሙና ከቁይ ያመጣቸው የመኪና ሾፌር ተጨምረዋል። ከዚያ ወደ ሙታን ይሻገራሉ፤ ወላጆቻቸው፣ እናቴ፣ ቅኔ ያስተማሯቸው የኔታ። ሁሉንም በክርስትና ስማቸው ስለሚጠሯቸው ግማሾቹ ማን እንደሆኑ አላውቅም። የገዛ ባለቤቴ ሲጠራ እንኳ የሆነ የሩቅ ዘመድ መስሎኝ ሰነበትኩ።

አንድ ስም ግን ጆሮዬን ያዘው። ከሕያዋኑ ጋር ይጠራል፤ ትንሽ ቆይቶ ከሙታኑም ጋር ይጠራል። የተለመደ የክርስትና ስም ስለሆነ በመጀመሪያ ሁለት ሰዎች ናቸው ብዬ ነበር። አባቴ ግን በሁለቱም ቦታ ከስሙ ቀጥለው «ላስቴው» ይላሉ። እንግዲህ በአንድ ጧት ሕያውም ሙትም የሚሆን ላስቴ ማን ነው? እኔን የመሰለች ሴት ይህን ሰምታ ዝም እንደማትል ግልጽ ነው። ቁርስ ላይ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ያ ላስቴው የሚሉት ሰው አለ ወይስ ሞቷል?»

የቆረሱትን እንጀራ እንደያዙ ቆዩ። «ሰው ሲጸልይ ታዳምጫለሽ?»

«ግድግዳው ስስ ነው አባባ።»

«እሱን ባውቅማ አንድ ጊዜ ነበር የምጠራው» አሉና ጎረሱ። ሌላ ነገር የሚጨምሩ አልመሰለኝም ነበር፤ እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ግን ራሳቸው ጀመሩት።

ልጅ ሆነው ዲማ ቅኔ ቤት ሲማሩ አንዲት ጎጆ የሚጋሩት ጓደኛ ነበራቸው። ከላስታ በእግሩ የመጣ፣ አጠር ያለ፣ ውሻ እጅግ የሚፈራ ልጅ። ምግባቸው በየመንደሩ እየዞሩ የሚለምኑት ቁራሽ ስለሆነ ውሻ መፍራት ለተማሪ ከባድ ነገር ነው። ስለዚህ አባቴ በዱላቸው ውሻውን ይከለክላሉ፣ ላስቴው ደግሞ ድምፁ ያማረ ስለነበር በደጅ ቆሞ በማርያም ስም ይለምናል፤ ያገኙትን እኩል ይበላሉ። እንዲህ ሆነው ዓመታት አሳለፉ። አንድ ቀን ላስቴው እናቱ መታመሟን ሰማ። «ለፋሲካ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ፤ ፋሲካ መጣ፣ እሱ አልመጣም። ቀጥሎ በዚያ አገር ረሃብ ገባ የሚል ወሬ ደረሰ። ከዚያ በኋላ አየሁት የሚል ሰው አልተገኘም።

«ከሙታን ወገን ብቻ ብጠራው በሕይወት ያለን ሰው በአፌ መግደል ይሆንብኛል» አሉኝ። «ከሕያዋን ወገን ብቻ ብጠራው ደግሞ፣ ሞቶ ከሆነ ነፍሱን የሚያስባት አጣች ማለት ነው። ልጅ ይኑረው አይኑረው አላውቅ። እናም በሁለቱም እጠራዋለሁ። እግዜርንም ግራ ሳላጋባው አልቀረሁ።» ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «እኔም እንግዲህ ሽማግሌ ነኝ። ሳልለየው ብሞት እንዲሁ በመሃል ቤት ተንጠልጥሎ መቅረቱ ነው።»

አባቴ ነገር የሚያበዙ ሰው አይደሉም። ይህን ሲሉ ሆዴ ባባ፤ ወዲያውም ደግሞ ኩራት ኩራት አለኝ። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከእኔ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? «እኔ አገኝልዎታለሁ» አልኳቸው።

«የዓለም ስሙ ማን ነው?» ብዬ ስልኬን አወጣሁ።

«ቅኔ ቤት ማን የዓለም ስም ይጠይቃል?»

«የአባቱስ ስም?»

«ላስቴው ነዋ። ከጎንደር የመጣው ጎንደሬው፣ ከላስታ የመጣው ላስቴው። በዚህ ነው የምንጠራራው። የክርስትና ስሙን ሰምተሽዋል፤ እግዜር የሚያውቀው በሱ ነው።»

«ኢንተርኔቱ ግን በሱ አያውቀውም አባባ።»

እሳቸው አላመኑኝም፤ እኔም አልተውኩትም። የክርስትና ስሙን ጽፌ ስፈልግ የተሰለፈው ሰው ብዛት ለጉድ ነው። ግማሹ በራሱ ፎቶ ፋንታ ፈረሱ ላይ የተቀመጠውን ጊዮርጊስን አድርጓል፤ አንዱ ጥቁር መነጽር አድርጎ ባጃጅ ላይ ተደግፏል፤ አንዱ ደግሞ ፎቶው ጽጌረዳ ነው። ዕድሜው የሚጠጋ ለመሰለኝ ሁሉ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በልጅነትዎ ዲማ ቅኔ ተምረው ያውቃሉ?» ብዬ ጻፍኩ። ጽጌረዳው ወጣት ሆኖ ተገኘ፤ «ቅኔ አላውቅም፣ አንቺን ግን ማወቅ እፈልጋለሁ» አለኝ። ጊዮርጊሶቹ አብዛኞቹ አልመለሱም፤ አንደኛው የስልክ ሽፋን በቅናሽ ልሽጥልሽ አለኝ። ባለቤቴ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ለዓመታት የኮራሁበት ሙያ ለአባቴ ሲሆን እምቢ ማለቱ እንዴት እንዳናደደኝ ልነግራችሁ አልችልም።

በዚህ መሃል የአባቴ ዓይን ተገፈፈ። ፋሻው ከተነሳላቸው በኋላ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ያዩ ነበር፤ የእኔን ሽበት ሳይቀር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ አንድ መሪጌታ ሲያዜሙ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። እስከ መጨረሻው ተመለከቱና «ይኼን ሰውዬ ማን ማን ያየዋል?» አሉ።

«የፈለገ ሁሉ።»

«ላስታ ያለም?»

«ላስታ ያለም።»

ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው ስሙን መፈለግ ተዪው። ቅኔውን ልበልለት።»

ነገሩን አስረዱኝ። ቅኔ ለዕለቱ ይባላል፣ ያልፋል። ተማሪው ሲያወጣው አድሮ ጧት ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታ የሚታረመውን ያርማሉ፣ በነጋታው ሌላ ነው። አይጻፍም። ስለዚህ ያን ጧት የተባለን ቅኔ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ከየኔታና አጠገቡ ከነበረው ጓደኛ ሌላ ያው ባለቤቱ ነው። አባቴ ደግሞ የላስቴውን አንዲት ቅኔ አልረሷትም። ጉባኤ ቃና የምትባለው ዓይነት፣ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ያላት አጭር ናት። ብቻውን ሊለምን ወጥቶ የአንዲት ባልቴት ውሻ አባሮት ባዶ አኩፋዳውን ይዞ በተመለሰ ማግስት የተቀኛት ነች። አዳም ከገነት ሲወጣ ኪሩብ ሰይፉን ይዞ በሩን ይጠብቅ እንደነበር ሁሉ፣ የባልቴቲቱም ቤት ገነት ሆና፣ ውሻዋ ኪሩብ ሆኖ፣ ተማሪው በረሃብ በውጭ መቆሙን ትናገራለች። አባቴ ትርጓሜዋን ሲነግሩኝ ያ ውሻ ፈሪ ልጅ ፊት ለፊቴ የቆመ መሰለኝ።

ቀረጻው ቀላል አልነበረም። ነጭ ጥምጥማቸውን ጠመጠሙ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ከዚያ «ወዴት ልይ?» አሉ። ወደ ስልኩ ስላቸው እኔን ያያሉ። «እንዴት ነው ዕቃ እያየሁ ሰው የማናግረው?» ይላሉ። በመጀመሪያው ሙከራ መሃል የጎረቤት አውራ ዶሮ ጮኸ፤ ልድገመው ስል «ተዪው፣ ዶሮ ያለበት አገር መሆኑን ይወቅ» አሉኝ። እኔ ግን ደገምኩት። በሁለተኛው ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ ለሚሰማው ሁሉ የእግዜር ሰላምታ ሰጥተው፣ ቅኔዋን አሉ። ድምፃቸው ወጥ ቤቱ ድረስ ሞላ። ከሥሩ «ይህን ቅኔ በልጅነታቸው ዲማ ላይ የተቀኙትን ላስቴ እንፈልጋለን፤ አባቴ ጓደኛቸው ናቸው» ብዬ ጽፌ ለቀቅኩት።

ሰዉ ወደደው። እየተቀባበለ አዳረሰው። ከሥሩ የሚጻፈው ግን አባቴን አላረካቸውም።

«ምን አሉ?» ይሉኛል ምሳ ላይ።

«አሜን አሉ።»

«በምን ላይ ነው አሜን? ቅኔ ሲሰማ እኮ ይበል ነው የሚባለው።»

ልብ የሚልኩ ነበሩ፣ እልል ብለው የሚጽፉ ነበሩ። ሁለት ሰዎች የትኛው አገር ቅኔ ይበልጣል ብለው ተጣልተው ሲሰዳደቡ ዋሉ። አንዲት ሴት የአባቴ መነጽር የት እንደተገዛ ጠየቀችኝ።

ከዚያ አንድ ሰው «እኚህ ላስቴ መምህር ካረፉ ቆይተዋል፤ ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ። እሱን ተከትሎ ሌላው «ነፍስ ይማር» አለ፣ ሌላውም፣ ሌላውም። ጧት ማንም የማያውቀውን ሰው ከሰዓት በኋላ ተረባርበው ቀበሩት። ተናደድኩ፤ ለመጀመሪያው ሰውዬ እንዴት እንዳወቀ ጠየቅሁት። «ሲባል ሰምቼ ነው፤ ምናልባት ሌላ ሰውም ሊሆኑ ይችላሉ» ብሎ መለሰልኝ። ይህን ለአባቴ መንገር ከባድ ነበር። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔ ብነግራቸው ይሻላል ብዬ ነገርኳቸው።

«ሲባል ሰምቼ ነው አለ?»

«አዎ አባባ።»

«በሲባል ሰው አይቀበርም። እንደነበረ ይቆይ።»

በማግስቱ ጧት ግን ጸሎታቸው ከሕያዋን ወገን እሱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ድስቱን ከምድጃው አውርጄ ጆሮዬን ሰጠሁ። በኋላ ስሙን ጠሩት፤ ድምፃቸው ግን ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። እኔም ይህን ነገር ባልነካካሁት ኖሮ ብዬ ወጥ ቤት ቆሜ አለቀስኩ። ሰውዬው ሞቶ ከሆነ ያንን ወሬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያለ እኔ አባቴ በሁለት ወገን ሲጠሩት ኖረው በተስፋቸው ያርፉ ነበር።

ጥቂት ቀን አለፈ። ፋርማሲ ውስጥ ለአንዲት እናት የሳል መድኃኒት እያወጣሁ ስልኬ ጮኸ። ከደሴ አንዲት ወጣት ነች የጻፈችልኝ። «ጤና ይስጥልኝ። አያቴ የአባትዎን ቪዲዮ አይተው ተናደዋል» ይላል መልእክቱ። እኔ ደግሞ የቅኔ ጠብ የመጣ መስሎኝ ልዘጋው ነበር። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «ሁለተኛው ቤት ላይ ያለው ቃል የእኔ አይደለም ይላሉ። የኔታ ናቸው የቀየሩብኝ፣ የእኔ ይሻል ነበር ይላሉ። በድምፅ ልኬልዎታለሁ።» ከሥሩ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ አለ፤ ያችኑ ቅኔ ብለው፣ አንዷን ቃል ለይተው፣ ረገጥ አድርገው ይደግሟታል።

እናትየዋን ለባልደረባዬ አስረክቤ በባጃጅ ቤቴ በረርኩ። አባቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ምንም ሳልናገር ድምፁን ከፈትኩላቸው። አንድ ጊዜ ሰሙት። እንድደግመው በእጃቸው አመለከቱኝ። ያች ቃል ስትደርስ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ሳቁ፤ ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ።

«እሱ ነው። የኔታ ያችን ቃል ያረሙበት ዕለት አኩርፎ ቁራሽ እንኳ አልበላም ነበር። ይኼው እስካሁን አልተወውም» አሉ። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ።

«አባባ ዓይንዎ! ዓይኑ እንዳይነካ ብሏል እኮ ሐኪሙ።»

«ዓይኑ የእኔ አይደል» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ደወልን። ወዲያ ማዶ አንድ ኮፍያ ያደረጉ፣ አጠር ያሉ ሽማግሌ ስልኩን አፍንጫቸው ሥር ይዘው ታዩ። መጀመሪያ የተናገሩት ሽማግሌው ናቸው።

«አንተ፣ ጥርስህ የት ሄደ?»

አባቴን አንተ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። እናቴ እንኳ አንቱ ነበር የምትላቸው። አባቴ አንተ ተብለው እንደ ልጅ ደስ አላቸው።

«ላንተ ውሻ ስከላከል ነዋ የረገፈው። አንተስ ለፋሲካ አልነበር የምትመለሰው?»

ሽማግሌው ነገሩን አወጉ። ሲደርሱ እናታቸው አርፈዋል፤ ረሃቡ አገሩን ይዞታል። ታናናሾቻቸውን ይዘው ወደ ደሴ ወረዱ፤ የቀን ሥራ እየሠሩ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ፤ አስተማሪ ሆነው በጡረታ ወጡ። በዚያ አገር የሚታወቁት በዓለም ስማቸው ብቻ ነው። የክርስትና ስማቸውን ከልጆቻቸው በቀር የሚያውቅ የለም፤ ላስቴው ብሎ የሚጠራቸውም ሰው የለም። እኔ ስልኬን ይዤ ዓመት ብለፋ አላገኛቸውም ነበር ማለት ነው።

አባቴም በሁለት ወገን ሲጠሯቸው መኖራቸውን ነገሯቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«እንግዲህ አትቆጣ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ከሙታን ወገን ብቻ ነው የምጠራህ። ከጎጃም የመጣ ነጋዴ ባንተ ስም የሚጠሩ የቁይ ቄስ ሞቱ ብሎኝ ነበር። በየዓመቱ በስምህ ዳቦ አስጋግሬ ጎረቤት አበላለሁ።»

ከኋላቸው የልጅ ልጃቸው ብቅ አለች። «የሞቱት ጓደኛቸው እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለች አፏን በእጇ ይዛ። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የእርስዎን ዳቦ ስበላ ነው ያደግሁት።»

«ጣፋጭ ነበር?» አሏት አባቴ።

«በጣም።»

«ከነገ ጀምሮ ወደ ሕያዋን አሻግርሃለሁ» አሉ ሽማግሌው በኀፍረት።

«አሻግረኝ» አሉ አባቴ። «የእስከ ዛሬውን ጸሎት ግን እንዳትመልስብኝ። ቀድሞ ሄዶ ቦታ ይያዝልኝ።»

በማግስቱ ጧት ከወትሮው ቀደም ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። ዳዊቱ ደረሰ፣ የሕያዋን ስም ተጀመረ፣ ላስቴው ከልጆቻቸው ቀጥሎ ጮክ ባለ ድምፅ ተጠራ። ከዚያ ወደ ሙታን ተሻገሩ። ወላጆቻቸው፣ እናቴ፣ የኔታ። ከየኔታ ቀጥሎ አፋቸው ለምዶት የላስቴውን ስም ጀመረው፤ ግማሹ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከግድግዳው ወዲያ ብቻቸውን ሲስቁ ሰማኋቸው።